እኔ ነኝ ቢልሽም

ሰውየው መታወቂያው ላይ ደህና ስም አለው፤ የሚጠራው ግን የለም። ሥራ ቦታም ሰፈርም ጥርጥር ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ልጅ ሆኖ የተቀቀለ እንቁላል ስትሰጠው ለሁለት ሰንጥቆ፣ አገላብጦ፣ አሽትቶ ነበር የሚበላው። «አንተ ጥርጥር፣ እኔ እኮ ነኝ የቀቀልኩት!» ትለዋለች። «አንቺማ ቀቅለሻል፤ ዶሮዋን ማን ያውቃታል?» ይላታል። እንዲህ ያለ ልጅ አድጎ ምን ይሆናል? ወይ መርማሪ፣ ወይ የኮምፒውተር ሰው። እሱ የኮምፒውተር ሰው ሆነ።

እሱና ጥቂት ባልደረቦቹ የሚሠሩት ዋሌት የሚባል አፕ ነው። ሰዎች ክሪፕቶ የሚሉትን፣ በእጅ የማይዳሰሰውን ገንዘብ ስልካቸው ላይ የሚያስቀምጡበት። አፑ በነጻ ነው። ኮዱም ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ይተቸዋል፣ ያወቀ ያርመዋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው አባባል ለነሱ ቀልድ ሳይሆን የሥራ መመሪያ ነው። እመኑን አይሉም፤ ኮዱ ይኸውላችሁ፣ ራሳችሁ እዩት ነው የሚሉት። መልካም ነገር ነው። ችግሩ፣ የተከፈተ በር እንግዳና ሌባ አይለይም።

ጣጣው የጀመረው ከባልደረቦቹ አንዱ የድሮ ኮድ ሲያገላብጥ አንድ ጉድ ያገኘ ዕለት ነው። አዲስ ዋሌት ስትከፍቱ አፑ አሥራ ሁለት ቃላት ያወጣላችኋል። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ውኃ ቢገባው ገንዘቡ በነዚያ ቃላት ይመለሳል። በአጭሩ፣ ቃላቱን የያዘ ገንዘቡን ያዘ። ስለዚህ ማንም እንዳይገምታቸው በዕጣ ነው የሚወጡት፤ ዕጣ ደግሞ ካልተበጠበጠ ዕጣ አይደለም። ከሌሎች ተውሰው ያስገቡት አንድ ቁራጭ ኮድ አሮጌ ስልኮች ላይ ዕጣውን ሳይበጠብጥ ሲያወጣ ኖሯል። ያውም ዓመታት ሙሉ! ይህን ያወቀ ሌባ፣ ጠንካራ ኮምፒውተር ካለው፣ ቁጭ ብሎ እየገመተ የሰዉን ገንዘብ እንደ ጥሬ ይለቅመዋል። ደግነቱ እስከዚያ ዕለት ያወቀ ሌባ አልነበረም።

ጥርጥር ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የታወሰው ኮዱ አይደለም። የእህቱ ስልክ ነው።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የትምህርት ቤቱን ከፍላ፣ ዩኒፎርሙን ሰፍታ፣ እሱ እንዲያነብ እሷ ትምህርቷን ትታ። ዛሬ ጢሙ ሸብቶም «እትዬ» ነው የሚላት። የምትሠራበት ሱቅ ከአንድ ፎቅ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በቀለም በቀለም የተደረደረ ክር። ባለ ሕንጻው ክፍሉን ሊሸጠው ነው። ቅድሚያ ለሷ ሰጥቷታል፤ በቀጠሮው ካልገዛች ግን ለአጠገቧ ስልክ መሸጫ ይሰጠዋል፣ እሷም በስተርጅና መኪናዎቿን ተሸክማ ሱቅ ፍለጋ ትዞራለች። የክፍሉ መግዣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ወገቧን ያጎበጠችበት ገንዘብ፣ እዚያ አሮጌ ስልኳ ውስጥ ነው ያለው። ውጭ ያሉ ደንበኞቿ የልጆች ቀሚስ ሲያዟት በክሪፕቶ ነበር የሚከፍሏት። ዋሌቱን የከፈተላትና «እትዬ፣ ከዚህ የሚታመን የለም» ያላት ማን ይመስላችኋል? ጥርጥር ራሱ ነው።

የቡድኑ መሪ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም መምህርት ይሏቸዋል። በአካል ያገኛቸው የለም፤ ስብሰባው ሁሉ በስክሪን ነው። ጉዱ የታወቀ ዕለት ሰበሰቧቸውና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። እንደዚያ ካደረጉ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«እንግዲህ ሆድ ይፍጀው» አሉ። «ጥገናውን አዲሱ የአፑ ቨርዥን ውስጥ እናስገባዋለን። መግለጫው ላይ ግን የቀለምና የቁልፎች ማሻሻያ ነው የምንለው። ሰዉ አዲሱን ሲጭን አፑ ራሱ ገንዘቡን በአዲስ ቃላት ወደተከፈተ ዋሌት ያሻግርለታል። አብዛኛው ከተሻገረ በኋላ እውነቱን እንናገራለን። እስከዚያ ለባልም ለሚስትም ትንፍሽ የለም። አንድ ሰው ላማቹ ነገረ፣ አማቹ ለጓደኛው ነገረ ማለት ሁሉም አለቀለት ማለት ነው።»

«መምህርት» አለ ጥርጥር፣ «እኔ እህት አለችኝ። ስልኳ ከነዚያ ነው። ምክንያቱን ሳልነግራት፣ ዝም ብዬ ሄጄ ባዛውርላትስ?»

«ልጄ፣ እኔም ሰው አለኝ» አሉ መምህርቷ። «ሁላችንም አለን። መጀመሪያ የየራሳችንን አውጥተን ሌላውን እሳት ውስጥ ከተውን፣ ከሌባው በምን ተሻልን? አዲሱ ቨርዥን በወጣበት ደቂቃ ሂድላት። ከዚያ በፊት ግን እጅህን ሰብስብ።»

እሺ አለ። እሺ ማለቱ ልክ ነበር ወይ? እኔ እንጃ። ያን ጊዜ ልክ መስሎት ነበር፤ እንዲያውም በራሱ ትንሽ ሳይኮራ አልቀረም።

ኩራቱ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ሱቋ ጎራ አለ። እሷ በአፏ ስፒል ነክሳ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ወገብ እያጠበበች ነበር። ሲገባ ሳታየው በዳናው አወቀችው።

«መጣህ? ግባ፣ ቀሚሱን እንዳትረግጥ። ባለ ሕንጻውን አነጋገርኩት እኮ! በወሩ መጨረሻ ውል እንፈርማለን። መስኮቱን አሰፋዋለሁ፤ እዚህ ጋ ደግሞ መልበሻ በመጋረጃ እከልላለሁ። ሴቶቹ ከካውያው ጀርባ ተሸማቀው መለካታቸው ያበቃል።» ስፒሏን ከአፏ አወጣች። «ያን ስልኬን ደግሞ እየው እስቲ። ቻርጅ አልቀበል ብሏል።»

ተቀበላት። የቻርጁ ቀዳዳ የጨርቅ ብናኝ ጠጥቷል፤ በመርፌ ጫፍ ቀስ እያለ ያወጣው ጀመር። ዋሌቱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ነበር፣ ከአውራ ጣቱ ሥር። መክፈቻ ቁጥሩን ነግራው እንደማታውቅ ያውቃል፤ «እትዬ፣ እስቲ ክፈቺልኝ» ቢላት ግን ሳትጠይቅ ትከፍትለት ነበር። መርፌውን መልሶ ቀዳዳው ውስጥ ከተተ።

«ምነው? ፊትህ ጨው መሰለ። ታመሃል እንዴ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ብላ እንጂ! ያ ኮምፒውተር እኮ ጨርሶ ሊበላህ ነው» አለችና ተመልሳ ወደ ቀሚሱ ጎንበስ አለች። ስልኩን ካውያው አጠገብ አስቀምጦላት ወጣ። የመንገዱ ጥግ እስኪደርስ ራሱን ሲሰድብ ነበር፤ ጥግ ደርሶም አልተመለሰም።

አዲሱ ቨርዥን የወጣ ዕለት ቢሮው ውስጥ ማንም አልተቀመጠም። ቢሮ ማለት እንግዲህ ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ የተከራዩት ክፍል ነው፤ የማተሚያው ማሽን ሲሠራ ወለሉ ይርገበገባል። ጠዋት መምህርቷ በስክሪን «ልቀቁት» አሉ፤ ተለቀቀ። መግለጫው ላይ «አዲስ ቀለም፣ ለዓይን የሚመች ቁልፍ፣ ጥቃቅን ማስተካከያዎች» ይላል። ጥርጥር ኮቱን ለብሶ ነበር የቆመው። ከመነሻ መስመር የተነሳ ሯጭ ሳይቀድመው በሩን ያዘ።

«ቆይ!» አሉ መምህርቷ።

አሮጌ ስልክ ያላቸው ሰዎች መጻፍ ጀምረዋል። አዲሱን ጭነው ሲከፍቱት ብልጭ ብሎ ይዘጋል። ደግመው ቢከፍቱት ደግሞ ይዘጋል። ወይ ፈተና! አዲስ ስልክ ያለው ሁሉ በሰላም ይገባል፤ ጥገናው የተሠራላቸው፣ አደጋው ያለባቸው እነዚያው ባለ አሮጌ ስልኮች ግን በሩ ተዘጋባቸው። ያን የኮዱን ክፍል በደንብ የሚያውቀው ደግሞ ጥርጥር ብቻ ነው።

«ትንሽ ነገር ትሆናለች» ብሎ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

ትንሽ ነገር አልነበረችም። አንዱን ሲደፍን ሌላው ይቀደዳል። በዚህ መሀል አንድ የማያውቁት ሰው፣ ኮዱ ለሕዝብ በሚታይበት ገጽ ላይ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የቀለም ማሻሻያ ነው ካላችሁ የቃላት ማውጫው ለምን ተነካ?» ሌላው ቀጠለ፦ «እኔም ገርሞኛል። ልየው እስቲ።» ልየው እስቲ! ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሊያየው ነው። የሚያየው ሁሉ ደግሞ ጨዋ አይደለም።

ጥርጥር ስልኩን አንስቶ ኮሪደር ወጣ። ትንፍሽ ላለማለት የገባውን ቃል ያን ጊዜ ረሳው ብትሉም አልዋሻችሁም፤ ትዝ ቢለውም ግን ከመደወል የሚመልሰው አልነበረም።

«እትዬ፣ የያዝሽውን ትተሽ ዋሌቱን ክፈቺ። አዲሱን አትጫኚ፣ አይሠራልሽም። ያለሽን በሙሉ አሁን ወደምልክልሽ የዋሌት ቁጥር ላኪው።»

በወዲያኛው ጫፍ የስፌት መኪናዋ ቀጥ አለ።

«ማን ልበል?» አለች።

«እኔ ነኛ! ማን ይሆናል?»

«ድምፁማ የሱ ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ለምንድን ነው የምልከው?»

«አሁን ማስረዳት አልችልም። ጊዜ የለም፣ ላኪው ብቻ! ነገ ሁሉንም እነግርሻለሁ።»

«ይቸኩላል» አለች። «ምክንያቱን አይናገርም። ገንዘቡን ወደ ራሱ ቁጥር ላኪ ይላል። ሦስቱም ተሟሉ።»

ያን ጊዜ ነው ጥርጥር በገዛ ወጥመዱ እንደተያዘ የገባው። ምክንያቱም ሦስቱን ምልክቶች ያስተማራት እሱ ነው። ኮምፒውተር የሰው ድምፅ ማስመሰል የጀመረ ሰሞን ሱቋ ሄዶ፣ ወንበር ስቦ፣ እንደ ሕፃን አስጠንቷታል። «የሚቸኩል ሌባ ነው። ምክንያቱን የማይናገር ሌባ ነው። ላኪልኝ የሚል ሌባ ነው። እኔ ነኝ ቢልሽም፣ ድምፁ ቁርጥ የኔ ቢሆንም፣ ስልኩን አጥፊና በዓይንሽ እስክታዪኝ ማንንም አትመኚ።» በማስተማር ብቻ አላበቃም። ባልደረባውን አስደውሎ ፈትኗታል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው ልትታለል ስትል ደርሶ ገሠጻት። እሷም፣ ያቺ ማንንም የማትፈራ ሴት፣ አፍራ አንገቷን ደፋች። ሁለተኛ እንዲህ እንደማይደገም ማለችለት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ?

«እትዬ፣ ስሚኝ፣ ፈተና አይደለም...»

«ፈተና ከሆነ አልፌያለሁ። ሌባ ከሆንክ ደግሞ ልብ ይስጥህ፤ እናትህ ለዚህ አልወለደችህም።»

«አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸ፤ ታች ያሉት የማተሚያ ሠራተኞች ቀና እስኪሉ ድረስ። «እንዳትዘጊው! የምልሽን አድርጊ!»

ዘጋችው። ደግሞ ሲደውል ስልኩ ጠፍቷል።

ወደ ቢሮው ተመልሶ ላፕቶፑን ሊከድነው እጁን ሰደደ። መምህርቷ ከስክሪኑ አዩት። አልከለከሉትም፤ ሰውን በግድ የሚይዙ ሴት አይደሉም። «የምትሄድ ከሆነ ሂድ» አሉት። «ብቻ ልንገርህ፤ እዚያ በር ላይ የቆሙት እነማን እንደሆኑ አላውቅም፣ ግን ብዙ ናቸው። ካንተ በቀር የሚከፍትላቸው የለም።»

እንግዲህ ፍረዱ። እህቱ አንድ ናት፤ እነዚያ አእላፍ ናቸው። እህቱን ያውቃታል፤ እነዚያን አያውቃቸውም። ልቡ ደረጃውን እየወረደ፣ ጣቶቹ ቁልፉ ላይ ቀሩ። እየተራገመ ጻፈ፣ እየተራገመ ሞከረ፣ አልሆነም፤ እንደገና ሞከረ፣ ሆነ። መምህርቷ ሁለተኛውን ቨርዥን ለቀቁት። በአሮጌ ስልክ የሚጠቀሙት ሰዎች «ገባልኝ»፣ «ተሻገረልኝ» እያሉ መጻፍ ሲጀምሩ ጥርጥር ታክሲ ውስጥ ነበር።

የዚህ ገንዘብ ነገር እንዲህ ነው፤ የማን እንደሆነ አይጻፍበትም እንጂ፣ በየትኛው ቁጥር ሥር ምን ያህል እንዳለ ዓለም ሁሉ ያየዋል። የእህቱን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። መንገዱ ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሄደ። አለ። አሁንም አለ። መንገዱ በተዘጋጋ ቁጥር «እባክህ አሳብር» ይላል፤ ሾፌሩ «ወንድም፣ በሰማይ ልሂድልህ?» ይለዋል።

ሱቁ ተቆልፏል! በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ። ዕድሜዋን ሙሉ ከሐዘን በቀር ዘግታው አታውቅም። አጠገቧ በረንዳ ላይ የሚሠራው ጫማ ሰፊ ወስፌውን እንደያዘ ቀና አለ።

«የት ሄደች?» አለ ጥርጥር እያለከለከ።

«ማን ነህ አንተ?»

«ታውቀኛለህ እኮ! ወንድሟ ነኝ፤ ባለፈው ሶሌን የለጠፍክልኝ!»

«ሶሉንስ አውቀዋለሁ» አለ ጫማ ሰፊው እግሩን እያየ። «ግን ዛሬ ወንድሟን መስሎ የሚደውል ቀማኛ ስላለ፣ ማንም ቢጠይቅህ አትናገር ብላኛለች።»

«ወንድሜ በፈጠረህ፣ የት ነው የሄደችው?»

ጫማ ሰፊው አሰበ፤ ሲያስብ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። «ለነገሩ» አለ፣ «ወንድሟ ከሆንክ፣ የሄደችው ወንድሟ ቤት ስለሆነ፣ ላንተ ብደብቀው ምን ዋጋ አለው? በዓይኔ ካላየሁት አላምንም ብላ ነው የሄደችው።»

ጥርጥር ሌላ ታክሲ ያዘ። እሷ እሱን ፍለጋ፣ እሱ እሷን ፍለጋ፣ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ስልኩን ከፈተ። አለ። ድልድዩን ሲሻገሩ አለ። አደባባዩ ላይ መኪናው ቆመ፤ አንዲት ሴት ሁለት ልጆች በግራና በቀኝ እጇ ይዛ እስክትሻገር ጠበቁ። ተመልሶ ሲያየው የለም። ስህተት ነው ብሎ ዘግቶ ከፈተው። የለም። ከቁጥሯ ወደማይታወቅ ቁጥር፣ ከማይታወቀው ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው ሲበታተን እያየው ነው፤ ዓይኑ እያየ ማንም የማያስቆመው ስርቆት። «ደረስን» አለው ሾፌሩ። አልሰማውም። «ወንድም፣ ደረስን እኮ!»

እህቱ በሩ ፊት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ። ስታየው ፊቷ በራ። ተነስታ ጉንጩን ይዛ አገላብጣ አየችው፣ ልክ እሱ እንቁላሉን ያይ እንደነበረው፤ ከዚያ ሳቀች።

«አንተ ነህ! አንተው ራስህ ነህ! ስማ፣ ስማ እንጂ፣ ምን እንደሆንኩ ሰምተሃል? ሌባ ደወለልኝ! ድምፅህ ቁርጥ! ምን ልበልህ፣ ትንፋሽህ ሳይቀር። እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ምልክቶቹን አንድ ሁለት ብዬ ቆጠርኩለት። ከዚያ ስልኩን አጠፋሁት፣ ሱቁን ቆለፍኩ፣ ይኸው እንዳልከኝ በዓይኔ ላይህ መጣሁ። እንዴት ነው? አሁንስ አላኮራህም? ያኔ እኮ እንደ ተማሪ ነበር የተቆጣኸኝ።»

ጥርጥር ዝም ብሎ መቅረት ይችል ነበር። «አየሽ፣ የደወለው ሌባ በሌላ መንገድ ገብቶ ወሰደው» ቢላት ታምነዋለች። ጎበዝ እንደነበረች፣ ዓለም ክፉ እንደሆነች አምና፣ እሱን አቅፋ ታለቅስ ነበር። ይህ ሁሉ በአንዴ በጭንቅላቱ አለፈ፤ በራሱም ተጸየፈ።

«እትዬ» አለ፣ መልሶ አስቀምጧት እሱም ከሷ በታች ያለው ደረጃ ላይ እየተቀመጠ፣ «የደወልኩልሽ እኔ ነኝ።»

«ሂድ ወዲያ!» ሳቀች። «ያ ሰውዬ ጮኸብኝ እኮ። አንቺ ሴትዮ አለኝ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ጮኸህብኝ አታውቅም።»

«ዛሬ ጮኽኩብሽ።»

ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። «ፈተና ነበር ማለት ነው?» አለች። ፈተና ነበር እንዲላት ዓይኗ ለመነው።

«አይደለም።»

ነገራት። ስለ ዕጣው፣ ስለ አሮጌ ስልኮቹ፣ ስለ አዲሱ ቨርዥን። ምን ያህሉ እንደገባት አይታወቅም። ብቻ መሀል ላይ ስልኳን አውጥታ አበራችው። አሮጌ ነውና እስኪነሳ ብዙ ቆየ፤ ሁለቱም ስክሪኑን እያዩ ጠበቁት። ዋሌቱን ከፈተችው። ስክሪኑን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ደግማ አየችው።

«መቼ?» አለች።

«አሁን። ወደዚህ ስመጣ፣ መንገድ ላይ ሳለሁ ነው የወሰዱት።»

«እሱን አይደለም የምጠይቅህ። አንተ መቼ አወቅክ?»

«ወር ሊሞላው ነው።»

ደረጃው ላይ የሆነ ጎረቤት አለፈ፣ ሰላምታ ሰጣቸው፤ እህቱ በጨዋነት መለሰችለት። ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀች።

«ሌሎቹስ?» አለች። «የሌሎቹ ሰዎች ገንዘብ ተረፈ?»

«አብዛኛው ተርፏል።»

«ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«አንዳቸውንም?»

«አንዳቸውንም፣ እትዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። ብትረግመው በወደደ። ፊቱን በጥፊ ብትለው፣ ያሳደግኩበት ላቤ ይፋረድህ ብትለው፣ እየጮኸች ሰፈሩን ብትሰበስብበት ደስ ባለው ነበር። እሷ ግን እንደ ሁልጊዜው ጨርቅ ቆርጣ እንደጨረሰች ሁሉ ጉልበቷን ጠረገችና ተነሳች። ሊደግፋት ሲነሳ ትከሻውን በቀስታ ተጭና መልሳ አስቀመጠችው።

«ተቀመጥ። ደክሞሃል። ልጅቷ ቀሚሷን ልትወስድ ትመጣለች፣ ዚፑን አልጨረስኩትም።»

«እትዬ፣ ላድርስሽ። ሠርቼ እመልስልሻለሁ፣ ባለ ሕንጻውንም አነጋግረዋለሁ...»

«ተው» አለች። ሁለት ደረጃ ወርዳ ቆመች፤ ዘወር ብላም አየችው። ዓይኗ ደርቋል። «ከእንግዲህ ስትደውል ሥጋት አይግባህ። ላኪ ስትለኝ እልካለሁ፣ ክፈቺ ስትለኝ እከፍታለሁ። ማን ልበልም አልልህም። የሚሰረቅ ነገር የለኝማ።»

እየቀለደች መስሎት ቀና ብሎ አያት። አልነበረም። መደገፊያውን ይዛ፣ አንድ በአንድ እየረገጠች ወረደች።